ከመጨመር በፊት መቀነስ፦ ዘጠነኛ ክፍል ሊገባ የነበረ አንድ የጎጃም ልጅ የኳስ ዝግጅት

ጉዳዩ የተጀመረው በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ባለቀ ሰሞን ነው። የሩሲያው ዓለም ዋንጫ በየሻይ ቤቱ ሰው ያጨናነቀበት ጊዜ ነበር። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። ወላጆቹ ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። የቀበሌው ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ስለማያልፍ ልጁ መስከረም ላይ ደብረ ማርቆስ ገብቶ፣ ቤት ተከራይቶ ዘጠነኛ ክፍል ሊጀምር ነው።

እኔ ከተማው ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ የትምህርት ቤታችንንም ቡድን አሰለጥናለሁ። የልጁ አጎት፣ የእናቱ ታናሽ ወንድም፣ በሰው በሰው አፈላልጎ አገኘኝና ሁለት ነገር ጠየቀኝ። የመጀመሪያው፣ «መምህር፣ ልጁ ኳስ እንደ ጉድ ይችላል፤ ቡድናችሁ ውስጥ እንዲገባ ክረምቱን ምን ይሥራ?» የሚል ነው። ሁለተኛውን ያነሳው ሊሄድ ከተነሳ በኋላ ነው፤ «ደሞ ጉልበቱን ያመዋል።»

ለእኔ ዋናው ጥያቄ ሁለተኛው ነበር። በየዓመቱ ከገጠር ተስፋ ያላቸው ልጆች ይመጣሉ። ክረምቱን ሙሉ ሲዘጋጁ ይከርማሉ፤ መስከረም ላይ ሲታዩ ግን አንዱ ጉልበቱን፣ አንዱ ተረከዙን ያመዋል፣ ሌላው ገና ሳይጀምር ዝሏል። ዘጠነኛ ክፍልን ከሜዳ ዳር ቆመው ይጨርሱታል። የዚህን ልጅ ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው ዝግጅቱ በአብዛኛው ከልጁ ላይ ጫና የማንሳት ሥራ ስለነበረ ነው። ቤተሰቡ እንድጽፍ ፈቅዷል፤ ስምና ቀበሌ ግን አላነሳም።

ልጁ ሲመጣ

ለገበያ በመጡበት ቅዳሜ አጎቱ ይዞት መጣ። ቀጠን ያለ፣ ለዕድሜው አጠር የሚል ልጅ ነው፤ እግሩ ግን ከቀረው ሰውነቱ ቀድሞ መመዘዝ ጀምሯል። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ ብዙ ሸሽቷል። «ለፋሲካ የገዛሁለት ነው፤ ያኔ ልኩ ነበር» አለ አጎቱ። በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው መጋቢት 30 ነው። በሦስት ወር ውስጥ ሱሪ ያጠረበት ልጅ ፈጣን እድገት ላይ ነው ማለት ነው። ወንዶች ልጆች ከሁሉ ፈጥነው የሚያድጉት ብዙውን ጊዜ በ13 እና በ14 ዓመታቸው ገደማ ሲሆን፣ በዚያ ወቅት በዓመት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር መጨመር የተለመደ ነው። ረጃጅሞቹ የእግር አጥንቶች ይቀድማሉ፤ ጡንቻውና ጅማቱ ቆይተው ይደርሱባቸዋል። እስኪደርሱባቸው ድረስ ልጁ ትናንት ያለ ችግር ያደርገው የነበረውን ነገር ዛሬ ሲሞክር ይተሳሰራል፣ ይደነቃቀፋል። ይህን የማያውቅ አሰልጣኝ ልጁ ሰነፈ ይላል።

ኳስ ሰጠሁት። በጠባብ ቦታ ሰው ማለፍ ይችላል፤ ኳሷ ከእግሩ አትርቅም። ይህ በተዳፋትና በጎርባጣ ሜዳ ላይ፣ በኮንጎ ጫማና በባዶ እግር የተገኘ ችሎታ ነው፤ እኔ ላስተምረው የምችለው አይደለም። ጉድለቱም የመጣው ከዚያው ሜዳ ነው። ኳስ እስክትደርስለት ድረስ ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም፤ ከኋላው ማን እንዳለ አያውቅም። ግራ እግሩ መቆሚያ ብቻ ነው። ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ፊቱም ጭፍግግ ይላል። ሕመሙን ሊደብቀኝ እየሞከረ ነበር።

ጉልበቱ

ከጉልበቱ ሎሚ ሥር፣ የቅልጥሙ አጥንት በሚጀምርበት ቦታ፣ ጠጠር ያለ እብጠት አለ። በሁለቱም እግሮቹ ላይ አለ፤ የቀኙ ይብሳል። ጫን ሲሉት ያመዋል። ቁልቁለት ሲወርድ፣ ሲሮጥ፣ ሲዘል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲንበረከክ። የጀመረው በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። የስቅለት ዕለት እኩዮቹ ሲሰግዱ እሱ መንበርከክ አቅቶት ቆሞ እንደዋለ ነገረኝ። ይህን ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ለአንድ የጎጃም ገጠር ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቤተሰቡ ውልቃት መስሏቸው ወጌሻ ጋ ወስደውታል። ወጌሻው ደጋግሞ አሽቶታል፤ በታሸ ማግስት ይብስበት ነበር። ወጌሻ በአገራችን ብዙ ሰው የረዳ ባለሙያ ነው። ይህ ግን ውልቃት አይደለም፣ በማሸት የሚመለስም አይደለም። እኔም ሐኪም አይደለሁምና ኳሱን አቁመን መጀመሪያ ሆስፒታል እንዲታይ ለአጎቱ ነገርኩት። ባለሙያው እየዳሰሰ፣ እያራመደና ቁጢጥ እያሰኘ ካየው በኋላ ኦስጉድ ሽላተር የሚባለው የታዳጊዎች የጉልበት ሕመም እንደሆነ ነገራቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጭን የፊት ጡንቻ የጉልበቱን ሎሚ ተሻግሮ በጅማት አማካይነት ቅልጥሙ ላይ ይያያዛል። ጅማቱ የተያያዘበት ቦታ በልጆች ላይ ገና ያልጠነከረ፣ በማደግ ላይ ያለ የአጥንት ክፍል ነው። ልጁ በሮጠ፣ በዘለለና ኳስ በመታ ቁጥር ጡንቻው ያንን ቦታ ይስበዋል። አጥንቱ ፈጥኖ በሚረዝምበት ወቅት ጡንቻው ስለሚወጠር ስበቱ ይበረታል፤ ቦታው ይቆጣል፣ ያብጣል። በወንዶች ላይ በብዛት የሚታየው ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አብዛኛው ልጅ እድገቱ ሲያበቃ ሕመሙ ይለቀዋል፤ እብጠቷ ግን ሳታም ልትቀር ትችላለች።

ሕክምናው ጫናን መቀነስ ነው። ዝላይ፣ የዳገት ሩጫና መንበርከክ ለጊዜው ይቅር ተባለ። ከእንቅስቃሴ በኋላ ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መያዝ፣ የጭንን የፊትና የኋላ ጡንቻ በየቀኑ ቀስ አድርጎ ማሳሳብ። «በረዶ ከየት ይመጣል?» አለ አጎቱ። ከጮቄ የሚወርድ የክረምት ውኃ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው፤ ጨርቅ ነክሮ መያዝ ብቻ ነው። ጨዋታን በተመለከተ ልጁ ራሱ የሚለካበት ልክ ሰጠሁት። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይገምታል። እስከ 3 ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ከለቀቀው ይቀጥላል። ከዚያ ካለፈ ወይም አድሮ ከቀጠለ ያቆማል፤ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም።

ለወላጆች አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። የልጅ ጉልበት ሕመም ሁሉ ይህ አይደለም። ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው፣ መላ ጉልበቱ ካበጠ፣ እግሩ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ከወደቀ በኋላ መርገጥ ካቃተው፣ ነገ ዛሬ ሳይባል ሐኪም ማየት አለበት። ጉልበቱን የሚያመው ልጅ ዳሌው ታሞ ሊሆንም ይችላል፤ ስለዚህ የሚያነክስ ልጅ ዳሌውም ይታይ።

የሳምንቱ ጫና

ልጁን አንድ ሳምንቱን ቀን በቀን እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት። ጽሑፉን ሳነብ ጉልበቱ እስካሁን እንዴት እንደቆየ ገረመኝ። በሥራ ቀን ከአባቱ ጋር እርሻ አለ፤ ካልሆነም ከብት ጥበቃ። ማታ ማታ ከመንደሩ ልጆች ጋር እስኪጨልም ኳስ። በሳምንት ሦስት ቀን ጎህ ሳይቀድ ድንጋይ በጆንያ ተሸክሞ ዳገት ይሮጣል። «ጉልበት ያጠነክራል» ብሎ አንድ ታላቅ ልጅ ስለነገረው ከእርከን ላይ መቶ ጊዜ ይዘላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ቡድን ውስጥ ለመግባት ብሎ ነው፤ የሚያሳምመውም ይኸው ነበር።

ከዚህ ላይ የበዓል ጨዋታ አለ። የጎጃም ገበሬ በበዓል ቀን አያርስም፤ ወጣቱም ሜዳ ይወጣል። ልጁ ፈጣን ስለሆነ ትልልቆቹ ከእነሱ ጋር ያጫውቱታል። የዚያን ዓመት ሐምሌ ላይ አቆጣጠሩን ብታዩት 19 ገብርኤል ሐሙስ፣ 21 ማርያም ቅዳሜ፣ 22 እሑድ፣ 23 ጊዮርጊስ ሰኞ ይውላል። በአምስት ቀን ውስጥ አራት ጨዋታ፣ ያውም ከ20 ዓመት ጎረምሶች ጋር ማለት ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ተጫዋች እንኳ እንዲህ አይጫወትም።

በስፖርት ሕክምና ዘንድ ለታዳጊዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ልክ አለ፤ በሳምንት የሚሰለጥንበትና የሚወዳደርበት ሰዓት ድምር ከዕድሜው ቁጥር አይብለጥ ይላል። ለዚህ ልጅ 14 ሰዓት ነው። የእርሻው ሥራ ሳይቆጠር እንኳ ከዚያ አልፏል። አንድ ላይ ቁጭ ብለን መሰረዝ ጀመርን። ድንጋይ ተሸክሞ መሮጥ ወጣ። የእርከን ዝላይ ወጣ። የዳገት ሩጫም ወጣ፤ ልጁ በዚህ ተከራክሮኛል። «ቲቸር፣ ካልሮጥኩ እኮ ትንፋሽ ያጥረኛል» አለ። በዚያ ከፍታ ላይ ተወልዶ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ዳገትና ቁልቁለት ሲወጣና ሲወርድ ያደገ ልጅ ትንፋሽ አይጎድለውም። ደብረ ማርቆስ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ለእሱ መውረድ ነው። የሚጎድለው አጭር ፈጣን ሩጫ፣ ድንገት መቆም፣ አቅጣጫ መቀየርና በቂ እረፍት ነው። የበዓል ጨዋታ በሳምንት አንድ ብቻ፣ የትኛው እንደሚሆን ልጁ ይምረጥ ተባባልን። ሐምሌ ላይ የመረጠው የ21ኑን ማርያም ነው፤ በ22 እና በ23 ሜዳ ዳር ቆሞ ማየት ከሁሉም የከበደው ትእዛዝ እንደነበር ነግሮኛል።

ከአባትየው ጋር

ሐምሌ 5፣ የሰኔ ጾም በተፈታበት ቀን፣ አጎቱ ይዞኝ ወደ ቤታቸው ወጣ። ቡናው ተፈልቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ከአባትየው ጋር ተቀመጥን። አባትየው ጨዋና ቁጥብ ሰው ናቸው። የኳሱን ወሬ እስከመጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ «መምህር፣ እኔ ልጄን ከተማ የምሰደው በሬ ሸጬ ለትምህርት ነው። ለኳስማ እዚህም ሜዳ አለለት» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ለገጠር ቤተሰብ አንድ ልጅ ከተማ ማስተማር የቤት ኪራይ፣ የስንቅ፣ የደብተር ወጪ ነው፤ በእርሻው ላይም አንድ እጅ ይጎድላል። ልጁ ፕሮፌሽናል ይሆናል ብዬ ላሳምናቸው አልሞከርኩም፤ እንዲህ ብሎ ተስፋ የሚሰጥ አሰልጣኝ ቤተሰብን ይበድላል። የነገርኳቸው ሌላ ነው። ልጁ ከተማ ሲገባ ማንንም አያውቅም፤ የክፍሉ ቡድን ውስጥ ከገባ በመጀመሪያው ወር ጓደኛ ያገኛል፣ የሚጠይቀው መምህር ይኖረዋል፣ ከሰዓቱን ያለ ሥራ አያጠፋም። በእኛ ቡድን ውስጥ ደግሞ ከክፍል የቀረ ልጅ በዚያ ሳምንት አይጫወትም። አባትየው አሰቡና አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲወጣ ውጤቱ ከስምንተኛው ከወረደ ኳስ ይቆማል። ልጁ ፊታቸው ቆሞ እሺ አለ። ይህ ስምምነት በኋላ ብዙ ነገር አቅልሎልናል፤ ደንቡ የአባትየው እንጂ የእኔ አልነበረምና።

እርሻውን በተመለከተም ተነጋገርን። ሐምሌ ስንዴና ጤፍ የሚዘራበት፣ ነሐሴ አረም የሚበረታበት ነው፤ ልጁን ከሥራ አውጡልኝ ማለት አይቻልም፣ አይገባምም። የጠየቅሁት ከባድ ሥራ በዋለበት ቀን ሌላ ልምምድ እንዳይኖር ብቻ ነው፤ አረምም ሲያርም ተንበርክኮ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ ወይም ከረጢት ላይ ቁጭ ብሎ ይሁን አልኩ። እናትየው ከጓዳ ሆነው «ከረጢቱን እኔ እሰጠዋለሁ» አሉ።

ክረምቱ

ያወጣነው ልምምድ አጭር ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ።

የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ፊፋ 11+ የሚባለው የማሟሟቂያ ፕሮግራም ነው። ዕድሜያቸው 14 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተጫዋቾች የተዘጋጀ ሲሆን፣ 8 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የሚዛንና የዝላይ እንቅስቃሴ፣ 2 ደቂቃ ፈጠን ያለ ሩጫ አለው። ኳስ እንጂ መሣሪያ አይፈልግም። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ በአግባቡ በሠሩ ቡድኖች ላይ ጉዳት በሲሶና ከዚያም በላይ እንደቀነሰ በተደጋጋሚ ታይቷል። ለዚህ ልጅ ግን እንዳለ አልሰጠሁትም። ዝላዮቹን በሙሉ አወጣሁ። ተንበርክኮ ሌላ ሰው ቁርጭምጭሚት ይዞለት ወደፊት የሚያዘነብልበት የኋላ ጭን ማጠንከሪያም፣ መንበርከክ ስላለበት፣ ወጣ። በቦታው በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሳት ገባ፤ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ቆይቶ በአንድ። በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝና በአንድ እግር መቆም እንዳሉ ቀሩ። በአንድ እግር ሲቆም ጉልበቱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ታናሽ ወንድሙ ከፊት ሆኖ ያይለታል።

ቀሪው ጊዜ ለኳስ ነው። ክረምቱን የተዘጋው የቀበሌው ትምህርት ቤት ግድግዳ ተፈቀደለት። ግድግዳው ላይ በግራ እግር መምታት፣ የተመለሰችውን በግራ ማቆም። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ሕፃን እንደሆነ ተናግሮ ሳቀ። የዙሪያ እይታውን ያስተካከልነው በታናሽ ወንድሙ ነው። ትንሹ ከኋላው ይቆምና ጣቶቹን ያወጣል፤ ኳሷ ከግድግዳው ተመልሳ ሳትደርስ ልጁ በትከሻው ላይ ዞር ብሎ አይቶ ቁጥሩን ይጠራል። ለከተማ ሜዳ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱን ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። መንደር ሜዳ ላይ ስድስት ለስድስት ሲጫወት ሁሉም ሰው ፊቱ ነው። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ በሚጫወቱበት ሰፊ ሜዳ ግን ሳያይ ኳስ የተቀበለ ልጅ ወዲያው ይነጠቃል፤ ብዙ ጊዜም የሚጎዳው ያኔ ነው፣ የሚመጣበትን አላየማ።

ኳሷም ራሷ ችግር ነበረች። የመንደሩ ኳስ ተጣፍታ ተጣፍታ የደነደነች፣ ዝናብ ስትጠጣ የምትከብድ ነበረች። ለዚህ ዕድሜ የሚሆነው ቁጥር 5 ኳስ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። በረጠበ ከባድ ኳስ ደጋግሞ መምታት ለታመመ ጉልበት፣ በቴስታ መግጨት ደግሞ ለማንም ልጅ ጭንቅላት ጥሩ አይደለም። አንድ ያገለገለ የትምህርት ቤት ኳስ ተበድሮ ወሰደ።

ታኬታም ነበር። አጎቱ በደስታ ከሰልባጅ ገዝቶለት መጣ፤ ልጁ እያደገ ስለሆነ ብሎ ሁለት ቁጥር ትልቅ። እግር ውስጡ የሚንሸራተትበት ታኬታ ያቆስላል፣ ቁርጭምጭሚትም ያጣምማል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቢተርፍ ይበቃል። ተቀየረ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በወፍራም ካልሲ ግቢ ውስጥ እየተራመደበት ብቻ ለመደው፤ በባዶ እግር ያደገ እግር ድንገት ታኬታ ውስጥ ገብቶ ሲሮጥ ውኃ ይቋጥራል።

መብረቅ ለብቻው መጠቀስ አለበት። የጮቄ ግርጌ ክረምት ነጎድጓዱ ከባድ ነው፤ ሜዳው ገላጣ ነው፤ ልጆች ዛፍ ሥር ይጠለላሉ። ዛፍ ሥር አይቆምም። ነጎድጓድ ከተሰማ ጨዋታ አልቋል፤ ቤት ገብቶ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መቆየት ነው። ይህን ለልጁም ለታናሹም ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ልጁ ይጾማል። ጾሙን እንዲተው የጠየቀ የለም፤ ልምምዱን ነው ያዛወርነው። ከቅዳሴ መልስ በልቶ፣ አረፍ ብሎ፣ ወደ ማታ ቀለል ያለ የኳስ ሥራ ብቻ። ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ኑግና ተልባ ያለበት ቤት ጾምን የሚችል ምግብ አለው፤ ችግሩ መጠን ነው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አንዴ በልቶ አይጠግብም። ጾሙ ሲፈታ እናትየው ለገበያ ይሸጡት ከነበረው እንቁላል ከፊሉን ለልጆቹ ማስቀረት ጀመሩ። «ሁለቱም ይብሉ እንጂ ኳስ ተጫዋቹ ብቻ አይበላም» አሉ። ትክክል ናቸው።

ስንቅ

ስለ ታዳጊ ተጫዋቾች የሚጻፉ ምክሮች ብዙውን ጊዜ እናቱ ቤት ስለሚበላ ልጅ ናቸው። የእኛ የገጠር ልጆች ግን ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ራሳቸውን የሚያበስሉ፣ ስንቅ የሚቆጥሩ ሰዎች ይሆናሉ። ልጁ ከሁለት የአገሩ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየ። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ወደ ቤት ይሄዳል፤ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። እንጀራው እስከ ረቡዕ ደህና ነው፤ ከዚያ ይደርቃል ወይም ይሻግታል። ሐሙስና ዓርብ የልጆቹ የርሃብ ቀኖች ናቸው። በእኛ ትምህርት ቤት የክፍል ለክፍል ጨዋታ የሚደረገው ደግሞ ዓርብ ከሰዓት ነው። ቁርሱን ሳይበላ ሜዳ የገባ ልጅ በሁለተኛው አጋማሽ እግሩ ሲታሰር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ተመልካቹ አቅም የለውም ይላል፣ ልጁም ያምናል።

ይህን ከእናትየው ጋር በነሐሴ መጨረሻ ተነጋገርንበት፤ መፍትሔውንም ያመጡት እሳቸው ናቸው። ገብስ የሚያበቅል ቤት ነው፤ በሶ በብዛት ተዘጋጀ። ስንቁ በሁለት ተከፈለ፤ እንጀራው ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይበላል፣ በሶው፣ ቆሎውና ድንቹ ለሐሙስና ለዓርብ ይቀመጣሉ። ድንች ቶሎ አይበላሽም፤ ቀቅሎ በጨውና በሚጥሚጣ መብላት ማንም ልጅ ይችላል። ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ በሶ በጥብጦ ጠጥቶ ለከሰዓቱ ጨዋታ ይደርሳል። እኔ በበኩሌ የቡድኑን ከባድ ልምምድ ወደ ሰኞና ማክሰኞ አዛወርኩት፤ ይህ ለዚህ ልጅ ተብሎ ቢጀመርም ለሌሎቹ የገጠር ልጆችም ጠቅሟል፤ እስካሁንም እንደዚያው ነው።

የእሑዱ መንገድም ይቆጠራል። ስንቅ ተሸክሞ ለሰዓታት የወረደ ልጅ ሰኞ ጠዋት ትኩስ አይደለም። የእሱን ሰኞ በኳስ ቅብብልና በቦታ አያያዝ ብቻ አደረግሁት፤ ሩጫው ማክሰኞ። እንቅልፍ ሌላው ነው። ለዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይመከራል። ሦስት ልጆች ባሉበት ክፍል አንዱ በስልክ ፊልም ሲያይ ሁሉም ያመሻል። ሦስቱ ተስማምተው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ መብራት እንዲጠፋ አደረጉ፤ ብዙ ጊዜ ይከበራል፣ ሁልጊዜ አይደለም።

መስከረምና ከዚያ በኋላ

ምርጫው ጥቅምት ላይ ተካሄደ። ልጁ የትምህርት ቤቱ ዋና ቡድን ውስጥ አልገባም። ተቃራኒው ላይ የቆሙት የአሥረኛ ክፍል ልጆች አንዳንዶቹ 17 እና 18 ዓመት የሞላቸው ናቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ሲገናኙ ይወድቅ ነበር። በኳስ አያያዝ ግን ከብዙዎቹ ይሻል ነበር። ስለዚህ የዘጠነኛ ክፍል ቡድን ውስጥ እንዲጫወት፣ ከዋናው ቡድን ጋር ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን እንዲለማመድ አደረግን።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ነገር ልናገር። በአገራችን ታዳጊ የሚመረጠው በቁመትና በጉልበት ነው። ቀድሞ ያደገው ልጅ ይመረጣል፣ ይሠለጥናል፤ ዘግይቶ የሚያድገው ወደ ቤቱ ይላካል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቁመታቸው እኩል ሲሆን የተላከው ልጅ ሜዳ ላይ የለም። የዕድሜ ማጭበርበር ይህን ያባብሰዋል፤ ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእጅ አንጓ አጥንትን ኤምአርአይ በሚባለው የምስል ምርመራ እያየ ዕድሜው ያለፈውን የሚለየው ያለ ምክንያት አይደለም። ትምህርት ቤት ውስጥ ኤምአርአይ የለንም፤ ግን ዓይን አለን። እናት ወይም አባቱን አይቶ፣ በየሁለት ወሩ ቁመቱን ግድግዳ ላይ ለክቶ፣ ይህ ልጅ ገና እያደገ ነው ማለት ማንም መምህር ይችላል። የዚህን ልጅ ቁመት በክፍሉ በር መቃን ላይ ምልክት እያደረግን ተከታተልን፤ እድገቱ በፈጠነባቸው ወራት ልምምዱን ቀነስን፣ ቀዝቀዝ ሲል ጨመርን።

ጉልበቱ ወዲያው አልተሻለም። ኅዳር ላይ አንዴ አገረሸበት፤ ደረቅ ሜዳ ላይ በተከታታይ ሁለት ጨዋታ ስለተጫወተ ነበር። ከጨዋታ ወጣ፤ ከሰባት ስምንት ቀን በኋላ በራሱ ልክ መዝኖ ተመለሰ። ለእኔ የዝግጅቱ ትልቁ ውጤት ይህ ነው። ከወራት በፊት ሕመሙን ይደብቅ የነበረ ልጅ፣ አሁን ጨዋታ ሊጀመር ሲል መጥቶ «ቲቸር፣ ዛሬ አምስት ነው፤ አልጫወትም» ይላል።

የሴሚስተሩ ካርድ ጥር መጨረሻ ወጣ፤ ውጤቱ አልወረደም። ሒሳብ ትንሽ ቀንሷል፣ እንግሊዝኛ ጨምሯል። አባትየው ካርዱን አጎትየው እንዲያነብላቸው አድርገው ሁለት ጊዜ ካዳመጡ በኋላ «ይቀጥል» እንዳሉ ሰማሁ። በሁለተኛው ሴሚስተር ለዋናው ቡድን ተቀይሮ እየገባ ተጫወተ፤ በአጥቂነት ሳይሆን በመስመር አማካይነት፣ ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ኳስ በሚቀበልበት ቦታ። ለዘለቄታው ቦታው ይህ ይሁን አይሁን በዚያ ዕድሜ መወሰን አያስፈልግም ነበር።

2012 ላይ አሥረኛ ክፍል ሲገባ ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። እብጠቷ አለች፤ አታመውም። ዝላዮቹንና ተንበርክኮ የሚሠራውን የኋላ ጭን ማጠንከሪያ በጥቅምት ጀመርን፤ መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከጉልበቱ ሥር የታጠፈ ጋቢ እየተነጠፈ። በኅዳር ብሔራዊ ቡድናችን ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሻይ ቤት ተጋፍቶ አይቶ፣ በማግስቱ ስለ ግቦቹ ሳይሆን አማካዮቹ ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ስንት ጊዜ ዞር ብለው እንደሚያዩ ሲያወራኝ ነበር።

መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ወደ ቀበሌው ተመለሰ፤ ደብተሩ ላይ የተጻፈውን ልምምድ ይዞ። አሁን የሚያሳስበው ታናሽ ወንድሙ ነው። ትንሹ ያኔ ጣት ያወጣለት የነበረው ልጅ 11 ዓመቱ ሆኗል፤ ትልልቆቹ በበዓል ጨዋታ ሊያሰልፉት ጀምረዋል። ደውሎ «በሳምንት ስንት ይበቃዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከ14 ዓመት በታች ላሉት የተዘጋጀ የ11+ የልጆች ፕሮግራም እንዳለ ነግሬ እንቅስቃሴዎቹን በስልክ አስጻፍኩት፤ ከጎረምሶች ጋር የሚደረገውን የበዓል ጨዋታ ግን ለጊዜው ጨርሶ እንዲያስቀርለት፣ ከእኩዮቹ ጋር የፈለገውን ያህል እንዲሮጥ። አባትየው ከጎኑ ሆነው ሲያዳምጡ ነበርና ስልኩን ተቀብለው፣ ትልልቆቹን እሳቸው ራሳቸው እንደሚያነጋግሩ ነገሩኝ።